እማማ ደብሪቱ ያላለቀሱለት ልጅ

እማማ ደብሪቱ ባረፉበት ዕለት፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት ለሚ ኩራ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተቀምጠናል። የባለቤቴ እህት አስቴር ትናገራለች፤ አንድ የዕድሩ ሰው ይጽፋል። የተወለዱበት አገር፣ ጋብቻቸው፣ ባላቸው ሲሞቱ የእንጨት ሥራ ቤቱን ተረክበው ልጆቻቸውን ማሳደጋቸው፣ ሁሉም ያለ ችግር ተጻፈ። ሰውየው ቀና ብሎ «የስንት ልጆች እናት እንበል?» ሲል ግን ባለቤቴ ዳንኤል ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«አራት በል» አለች አስቴር ቆይታ።

«ሰለሞን፣ አንቺ፣ ዳንኤል... ሦስት አይደላችሁም እንዴ?»

«አራት በል አልኩህ።»

አራት ተብሎ ተጻፈ፣ አራት ተብሎም ተነበበ። አራተኛው ልጅ በማግስቱ ከወሎ ደርሶ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ስለ እማማ ደብሪቱ የማውቀውን ብዙ ነገር ያወቅኩት በእሱ በኩል ስለሆነ፣ እሳቸውን ለማስታወስ ከእሱ መጀመር ይኖርብኛል።

እኔ እዚያ ቤት በምራትነት የገባሁት የባድመ ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቤቱ ያኔ ቦሌ ሚካኤል ነበር። ከፊት በቆርቆሮ የተሸፈነ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከኋላ ረዘም ያለ የጭቃ ቤት፣ መካከሉ ሰጋቱራ የለበሰ ግቢ። እማማ ደብሪቱ አጭር ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ሜትራቸውን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሥራ ቤቱ በር ላይ ብቅ ሲሉ ግን መጋዙም መዶሻውም ለአፍታ ዝም ይላል። በዕድሜ የሚበልጧቸው አናጢዎች ሳይቀሩ ቀና ብለው አያዩዋቸውም ነበር። አንድ ነገር ሁለቴ አይናገሩም። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ቄስም ቢላክ፣ ሽማግሌም ቢሰበሰብ አይመለሱም።

እጃቸው ግን ክፍት ነበር። ሠራተኛው፣ ዕቃ አውራጁ፣ መንገድ ጠፍቶበት በር ያንኳኳው ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ይበላል። «የመጣን ሰው ከየት መጣህ አትበሉ፤ በላህ ወይ በሉት» ይሉን ነበር። ወላጅ የሌላቸው የሰፈር ሴት ልጆች ከዚያ ግቢ ተድረው ወጥተዋል። ደሃ ሲሞት ሣጥኑን በነጻ ያሠራሉ። አንድ ጊዜ አናጢው እንጨት እያነሰን ነው ብሎ ቢያጉረመርም፣ «ሰው ለመጨረሻ ቤቱ ኪራይ አይከፍልም» ብለው ዝም አሰኙት። ሣጥኖቹን ራሳቸው በእጃቸው እየዳሰሱ ሻካራ ቦታ ካገኙ ያስልጓቸዋል። የሚተኛበት ሰው የሚያውቀው ይመስል።

የበኩር ልጃቸው ሰለሞን ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው እኔ ከማግባቴ በፊት ነው፤ ዳንኤል ነው የነገረኝ። የዕድሩ ሽማግሌዎች በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እማማ ደብሪቱ ቆመው ሰሟቸው። ከዚያ ቁርስ አቀረቡላቸው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ቁራሽ እንደያዙ፣ «ሬሳውን አሳዩኝና አለቅሳለሁ። ያላየሁትን አላለቅስም» አሏቸው። ውጭ መተከል የጀመረውን ድንኳን ሄደው በእጃቸው ካስማውን ነቀሉ። የሰለሞን ትልቅ ፎቶግራፍ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። እኔ ሰለሞንን የማውቀው በዚያ ፎቶ ብቻ ነው፤ ክብ ፊት፣ ሰፋ ያለ ግንባር፣ ሊስቅ ሲል የተያዘ አፍ።

ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ልብስ እያሰጣሁ ነው። የግቢው በር ከውጭ የሚከፈተው ቆርቆሮው ላይ ባለች ቀዳዳ ጣት አስገብቶ መወርወሪያውን ወደ ላይ በመግፋት ነበር። ያንን የሚያውቅ የቤቱ ሰው ብቻ ነው። መወርወሪያው ሲነሳ ሰምቼ ዳንኤል የመጣ መሰለኝ። የገባው ግን ረጅም፣ ከሲታ፣ የወታደር ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ከሰሌን እንደተሠራ ፊቱ ደርቋል፤ ከጆሮ ግንዱ እስከ አገጩ የወረደ ጠባሳ ከንፈሩን ወደ አንድ ወገን ስቦታል። እንደሌለሁ ሁሉ አልፎኝ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደ። ባዶ መሬት ላይ ቆመ።

«ኮኩ የት ሄደ?» አለኝ ዘወር ብሎ።

«የምን ኮክ?»

«እዚህ ነበር እኮ።» መሬቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያየኝ ገና አሁን ይመስል፣ «አንቺ ማነሽ?» አለኝ።

እዚያ ቦታ ላይ የኮክ ዛፍ እንደነበረና ሰለሞን ከዘመተ በኋላ እንደተቆረጠ የሰማሁት የዚያን ዕለት ማታ ነው። ያን ጊዜ ግን በገዛ ቤቴ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝን ሰው እያየሁ እርጥብ አንሶላ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

እማማ ደብሪቱ ከገበያ ገቡ። ሰውየው አያቸውና «እማዬ፣ ቆየሁብሽ» አለ።

ዘንቢላቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ጣውላ ሊገዙ ሲሉ እንደሚያደርጉት ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም፤ ደስታም ድንጋጤም።

«ቆየህ» አሉት። «በል ታጠብና ግባ። ምሳህ ይሙቅልህ።»

እሱ ወደ ቧንቧው ሄደ። እሳቸው ሳሎን ገብተው በመስኮቱ በኩል እያዩት ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወንበር ስበው ላዩ ላይ ወጡና የሰለሞንን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱ፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ዳንኤል ሲመጣ እናቱን ማጀት ውስጥ ያዛቸው። «ማነው ይሄ ሰው?»

«ወንድምህ ነው።»

«እማዬ፣ ወንድሜ አይደለም። ሰለሞን ከእኔ ያጥር ነበር።»

«ሰው ሲከሳ ይረዝማል።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱን ጦርነት በላው። አሁን ውሃ አቅርብለት፤ እየበላ ነው።»

በማግስቱ አስቴር ከገርጂ መጣች። ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ብዙ ነገር ጠየቀችው፤ የአባታቸውን አነጋገር፣ የጎረቤት ስም፣ የትምህርት ቤት ነገር። ሁሉንም ያለ ጭንቀት፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ መለሰ። በመጨረሻ «የአባባን ሬዲዮ የሰበረው ማነው?» አለችው።

«አንቺ ነሽ» አላት። «እኔ ነኝ ብዬ ተገረፍኩልሽ። አንቺ በረንዳው ሥር ተደብቀሽ አለቀስሽ። በኋላ ከአፍሽ አውጥተሽ ከረሜላ ሰጠሽኝ።»

አስቴር ተነስታ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ከሥራ ቤቱ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። «ይሄን ከእኔና ከሰለሞን በቀር የሚያውቅ የለም» አለችኝ። «ፊቱ የእሱ አይደለም። ቃሉ ግን የእሱ ነው።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም ሂሩት። ወንድሜን የበላው ነገር መስሎኛል።»

ይህን ካለችኝ በኋላ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከበደኝ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ከእሱ የበለጠ ገር ሰው አላየሁም። የሚያስፈራኝ የሚያውቀውና የማያውቀው ነገር ነበር። ሰለሞን አናጢ ነበር። ይሄ ሰው ሥራ ቤት በገባ በመጀመሪያው ቀን መላጊያው የቱ ጋ እንደሚሰቀል፣ ትንሿ መጋዝ ከየትኛው ሣጥን ሥር እንደምትቀመጥ ያለ መሪ አወጣ። መላጊያውን ያዝ ሲሉት ግን እንደ ሕፃን ገልብጦ ያዘው። አናጢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ የዚያኑ ቀን ሥራ ለቆ ሄደ። ውሻችንም ከመጣበት ቀን አንስቶ ሌላውን ሁሉ ትታ በእሱ ላይ መጮኋን አላቆመችም፤ እማማ ደብሪቱ በመጨረሻ ውሻዋን ለሰው ሰጧት።

ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነገር ነው። «ተመታሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። ከዚያ መጣሁ።»

ዳንኤል ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል ልውሰደውና ይጣራ ብሎ ደጋግሞ ለምኗል። እማማ «ልጄን በቢሮ አላስመረምርም» አሉና ነገሩ ተዘጋ። ለእሱ የሚያደርጉት እንክብካቤ ግን ከእናት እንክብካቤም ያለፈ ጥንቃቄ ነበረበት። ምግቡን የሚሠሩለት ለብቻው በአንዲት ድስት ነው፤ እኔ እንኳን እንድነካት አይፈቅዱም። ሥጋውን ራሳቸው ሩቅ ሄደው ይገዙለታል። «ሆዱ ተጎድቷል፤ የሁሉ ቤት ሥጋ አይስማማውም» ይሉኛል። እኛን በጾም ድርቅ የሚያደርጉት ሴት፣ እሱን አንድም ቀን ጹም ብለውት አያውቁም። እሑድ ሁላችንንም ቀስቅሰው ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱን እሱን «አንተ ቤት ጠብቅ» ይሉታል። እኔ የበሽተኛ ልጅ አያያዝ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓመታት አለፉ። ልጆች ወለድኩ። ልጆቼ በአጎታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው በዚያ ግቢ ስላሳለፈው የልጅነት ጊዜ ሲያወራላቸው አደጉ። መላጊያም መያዝ ለመደ። አረማመዱ ተለወጠ፤ ትከሻውን ወደ ግራ ጣል አድርጎ መሄድ ጀመረ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ያ የሰለሞን አረማመድ ነው አሉ። መጀመሪያ ሲያዩት ያማትቡ የነበሩ ሴቶች፣ «እኛ ነን የተሳሳትነው፤ እናት እንዴት ይጠፋታል» ማለት ጀመሩ። ሰለሞንን የሚያውቁት አንድ በአንድ ሲሞቱና ሲሄዱ፣ አዲስ የሚመጡት ይሄኛውን ብቻ ሰለሞን ብለው ያውቁታል።

አንድ ቀን ዳንኤል ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰውየውን በሩቁ እያየ፣ «ሂሩት፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለኝ። «ሰለሞንን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የዚህ ሰው ፊት ነው። ወንድሜ ጠፋኝ።»

ሌላም ቀን አለ፤ እስካሁን ሳስበው ይበርደኛል። ለበዓል ቤት እያጸዳን እማማ ሣጥናቸውን ከፍተው ወደ ማጀት ሄደው ነበር። ቆሻሻ ውሃ ደፍቼ ስመለስ ሰውየው ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የሰለሞንን ፎቶ ይዟል። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም፤ ደስ ያለው ይመስላል።

«ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ጓደኛዬ ነው። የት ነው ያለው?»

እማማ ደብሪቱ ከኋላዬ መግባታቸውን እንኳን አላወቅኩም። እጃቸውን ዘርግተው ፎቶውን ተቀበሉት።

«ይመጣል» አሉት። «ቆይቶ ይመጣል።»

ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ። እሳቸው ፎቶውን ቆልፈው ሣጥኑ ላይ ተቀመጡበት።

በኋላ የቦሌ ሚካኤሉ ይዞታ ለልማት ተፈለገና ወደ ለሚ ኩራ ተዛወርን። ሥራ ቤቱ ቀረ። እማማ ደብሪቱ ጉልበታቸው እየደከመ መጣ፤ ጠባያቸው ግን ያው ነው። አንድ ማለዳ፣ «ነጠላዬን አምጪልኝ። ኢምፔሪያል ትወስጂኛለሽ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ታክሲው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ትንሽ እንደሄድን ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስክጨርስ አትናገሪ» አሉ።

«እሺ እማማ።»

«ያ ልጅ ልጄ አይደለም።»

ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ረዳቱ ሰው ይጠራል። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ቀጠሉ።

«የመጣ ዕለት ታጠብ አላልኩትም? በመስኮት አየሁት። እጁን እስከ ክርኑ፣ አፉን፣ ፊቱን፣ እግሩን ታጠበ። ለምሳ የሚታጠብ ሰው አልነበረም። ለስግደት ነው። ራሱ አያውቀውም፤ እጁ ነው የሚያውቀው። የሙስሊም ልጅ ነው አልኩ።»

ያቺ ድስት ትዝ አለችኝ። ሩቅ ሄደው የሚገዙት ሥጋ ትዝ አለኝ። ያሰብኩት የገባቸው ይመስል፣ «ራሱን ሳያውቅ የሌላ ሃይማኖት ሥጋ ላብላው? እናቱ አንድ ቀን ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አሉ።

«ታዲያ እማማ፣ ለምን ልጄ ነው አሉ?»

«ልጄ የነገረው ሰው ነዋ። ሰለሞን ያን ሁሉ ነገር ለማንም አይናገርም። ምሽግ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ነግሮታል፤ ኮኩን፣ የበሩን መወርወሪያ፣ የአስቴርን ሬዲዮ። ይሄኛው ጭንቅላቱን ሲመታ የገዛ ቤቱ ጠፋበት። የቀረው የልጄ ቤት ነው፤ ወደሚያውቀው ቤት መጣ። ሂሩት፣ የልጄ ቃል የቀረው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ ከበር ልመልሰው?»

ከትከሻቸው የወረደውን ነጠላ መለስኩላቸው።

«ከመጣበት ዓመት ጀምሮ እናቱን እፈልጋለሁ» አሉ። «ሲደክመው አነጋገሩ ወደ ወሎ ይሄዳል። የወሎ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የዚህን ልጅ ፎቶ እሰጣለሁ፤ ለሾፌር፣ ለነጋዴ። አልተገኘችም ሲሉኝ ግን አዝኜ አላውቅም። ይህን እግዜር ይቅር ይበለኝ። ባገኛት ልጄን ሁለተኛ ላጣ ነው። ባላገኛት የሰው ልጅ ይዤ ልሞት ነው።»

ፎቶውን ከተቀበሏቸው አንዱ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ጨርቅ የሚሸጥ የወሎ ሰው፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን። በጨርቅ ጥቅልሎች መካከል ሻሽ ያሰሩ፣ ፊታቸው የተሸበሸበ ሴት ተቀምጠዋል። ስማቸው ዘይነባ ነው። እማማ ደብሪቱ አጠገባቸው ተቀመጡና በቀጥታ፣ «እህቴ፣ ልጅሽ ምን ምልክት ነበረው?» አሏቸው።

«የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጎባጣ ናት» አሉ ዘይነባ። «ሕፃን ሳለ በር ተዘግቶባት።»

ያቺን ጣት ልጆቼን ስታባብል ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

«ስሙስ?»

«ይመር።» ዘይነባ የእማማን ፊት ፈርተው ነበር የሚያዩት። «ሞተ ተብሎ ተነግሮኝ ሰደቃውን አውጥቻለሁ። አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሰዎች ፎቶውን ሲያሳዩኝ ጅን ነው ብዬ ሸሸሁ። ወላሂ፣ እዚህም የመጣሁት እየፈራሁ ነው። ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድነው ያለው?»

«ጅን አይደለም» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ልጅሽ ነው። እኔ ቤት ነው ያለው፤ ደህና ነው።»

ለሚ ኩራ ስንደርስ ሰውየው ግቢ ውስጥ የተነቃነቀ አግዳሚ ወንበር ይጠግናል። «እማዬ፣ እንግዳ ይዘሽ መጣሽ?» አለ ቀና ብሎ። ዘይነባን አየ፤ ምንም አላወቀም። ዘይነባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ከዚያ ልጅን ከሜዳ ማዶ እንደሚጠሩ ረዘም አድርገው፣ «ይመሬ» አሉ።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«ይመሬ» አሉ ደግመው።

መዶሻውን አስቀመጠ። ተነስቶ በእንቅልፉ እንደሚሄድ ሰው ወደ እሳቸው መጣና ተንበርክኮ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፋ። ዘይነባ ጎንበስ ብለው የግራ እጁን ጣቶች መዳሰስ ጀመሩ። እማማ ደብሪቱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለው በሩን ተደገፉ።

«ላሟ ወለደች?» አለ ሰውየው።

ያ ድምፅ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። አነጋገሩም ሌላ፣ ለስላሳ፣ የልጅ ነበር።

«ወለደች ልጄ» አሉት ዘይነባ። «ወልዳለች፤ ልጇም ወልዳለች።»

ዘይነባ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። የይመር ልብ ግን ባንድ ቀን አልተመለሰም። ጠዋት ተወልዶ ስላደገበት የወሎ ሐይቅ ዳር ያወራል፣ ከሰዓት ስለ ቦሌ ሚካኤል። አንዳንዴ ሁለቱም ሴቶች በተቀመጡበት «እማዬ» ሲል ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ እሱም ለማን እንዳለው ሳያውቅ ተራ በተራ ያያቸዋል። እማማ ደብሪቱ ይህን እያዩ ቆዩና አንድ ቀን ዳንኤልን ጠርተው «ድንኳን አስተክል» አሉት።

«ለማን?»

«ለወንድምህ።»

ድንኳኑ ተተከለ። ፎቶው ከሣጥን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። የቦሌ ሚካኤል የድሮ ጎረቤቶች መጡ፤ ጥለውን የሄዱት አናጢ ሳይቀሩ በምርኩዝ መጡ። የለሚ ኩራ ጎረቤቶች ደግሞ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ገብተው፣ «ነፍስ ይማር፤ መቼ ነው ያረፈው?» ብለው ይጠይቁናል። ምን ብለን እንመልስ? ፎቶውን ያያሉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ሰለሞን ብለው የሚያውቁትን ሰው ያያሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።

እማማ ደብሪቱ ከፎቶው አጠገብ ተቀምጠዋል። ዘይነባ ጎናቸው ናቸው። ሰዉ ሲበዛ እማማ እጃቸውን አነሱ።

«ይመር» አሉ። በዚህ ስም ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። «ልጄ እንዴት ነው የሞተው?»

ይመር ተነሳ። «ተመታሁ» ብሎ ጀመረ። «ከዚያ ዝም...» አለና አቆመ። ፎቶውን አየ። ዘይነባን አየ። ጠባሳው ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

«አይደለም» አለ። «እሱ ነው የተመታው። ውሃ እየተቀባበልን ነበር። ስላንቺ እያወራኝ ነው፣ እማዬ። ‹እናቴ ስትቆጣ› አለና ተቋረጠ። ቀጥሎ ምን እንደሚል ለመስማት ዞር ስል እኔን መታኝ። እሱ ሞተ። እኔ መጣሁ።»

ያ ዝቅ ያለ የእማማ ደብሪቱ ድምፅ ያን ቀን ከፍ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልሰማሁት ነገር ከውስጣቸው ወጣ፤ ድንኳኑም አብሮ ተነሳ። አስቴር መሬት ላይ ወደቀች። ዳንኤል ፎቶውን አቅፎ የወንድሙን ፊት ትክ ብሎ እያየ ያለቅስ ነበር። የእማማ ልቅሶ ግን ብዙ አልቆየም። ድንገት ዝም አሉ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱና መዳፋቸውን ተመለከቱ፤ ደረቅ ነበር።

«እንባ የለኝም» አሉ እንደ ተገረመ ሰው። «ያን ሁሉ ዓመት ስይዘው ደርቋል። ልጄን የማለቅስበት እንባ የለኝም።»

«አብሽሪ እህቴ» አሉ ዘይነባ። «እኔ ለልጄ አልቅሼ ነበር። ቀንም ሌትም አልቅሻለሁ። ልጄ ግን ይኸው በሕይወት አለ፤ ያ ሁሉ እንባ ለካ ለልጅሽ ኖሯል። የሰለሞን ነው፤ ውሰጂው።»

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ዘርግተው የዘይነባን እጅ ያዙ፤ ሰዉ ተሰናብቶ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቁትም።